እናቴ ስትሞት አላለቀስኩም፣ ሰው አይደለሁም እንዴ?

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ፣ ከጅማ ነው የምጽፍልዎት፣ ባንክ ውስጥ ነው የምሰራው። እናቴን ታማ በተኛችበት እስከ መጨረሻዋ ያስታመምኳት እኔ ነኝ፣ ስታርፍ ግን እንባ እምቢ አለኝ። ድንኳን ውስጥ ሁሉም ሲያለቅስ እኔ ንፍሮ ሳድል ነበር፣ ሙስሊሟ ጎረቤታችን እንኳን ከኔ በላይ አለቀሱ፣ ዘመዶቼ "ልቧ ድንጋይ ነው" ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። አርባዋ ካለፈ በኋላ ደግሞ አንድ የባጃጅ ልጅ ከአጂፕ ፈረንጅ አራዳ አድርሶኝ አምስት ብር መልስ የለኝም ሲለኝ ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ ጮህኩበት፣ ከዛ መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅኩ። ቅዳሴም ቆሜ ምንም አይሰማኝም። እምነቴ ሞቷል ማለት ነው? ሰው መሆኔስ? ሐኪም ጋ ሂጂ የሚሉኝ አሉ፣ እሱም ኃጢአት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የእናትሽንም ነፍስ በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። ስለዘገየሁ ይቅርታ፣ ጥያቄሽ ቶሎ ብሎ የሚመለስ ስላልሆነብኝ ነው።

ሰው አይደለሁም እንዴ ላልሽው፣ ነሽ። አባቶቻችን ሰው ምንድነው ሲባሉ ከእሳት ከነፋስ ከውሃ ከመሬት የሆነ ሥጋ አለው፣ ልባዊት ነባቢት ሕያዊት የሆነች ነፍስ አለችው ብለው ነው ያስተማሩን፣ አራትና ሦስት ሰባቱ ባሕርያት የምንለው ማለት ነው። ታስባለች ትናገራለች አትሞትም፣ በዚህም የሥላሴ ምሳሌ አለባት። እዚህ ውስጥ "ልቅሶ ቤት ጮክ ብሎ የሚያለቅስ" የሚል የለበትም። የእግዚአብሔር መልክ የተሰጠሽ ስትፈጠሪ ነው፣ ዛሬ ምን ተሰማኝ ብለሽ እየለካሽ የምታገኚው ወይም የምታጪው ነገር አይደለም። መብራት ሲጠፋ ቆጣሪው ተነቅሎ ሄደ አንልም አይደል (ጅማ ላለ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም መቼም)።

ግን ይሄን ስልሽ ስሜት ከንቱ ነው ማለቴ እንዳይመስልሽ፣ እንደዛ የሚሉ አሉ፣ "ክርስቲያን አያዝንም፣ አይቆጣም፣ አይፈራም" እያሉ ሰውን የሚያስጨንቁ። አቡሊናርዮስ የሚባለው መናፍቅ ጌታ ሥጋን እንጂ የምታስብ ነፍስን አልነሣም፣ በሷ ቦታ መለኮት ገባባት ብሎ ሲያስተምር ቤተክርስቲያን ዝም አላለችውም፣ በ381 ዓ.ም ቁስጥንጥንያ ላይ የተሰበሰቡት 150 ሊቃውንት አውግዘውታል። ለምን ይመስልሻል? ነፍሳችንን ካልተዋሐዳት ሐዘናችንም ፍርሃታችንም ሳይድን ቀረ ማለት ነዋ። ጌታ ግን በአልዓዛር መቃብር ላይ አለቀሰ፣ ያውም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደሚያስነሳው እያወቀ። በጌቴሴማኒ "ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች" አለ። ስለዚህ እንባሽ የመጣ ቀን አትፈሪበት፣ ያልመጣም ቀን አትፈሪ፣ ጌታ ራሱ ለሞተ ሰው አለቀሰ የተባለው አልዓዛር ጋ ነው እንጂ በሄደበት ለቅሶ ሁሉ ሲያለቅስ አናነብም፣ የኢያኢሮስ ቤት እንደውም የሚያለቅሱትን ነው ያስወጣቸው።

አሁን ወደ ባጃጁ ልምጣ፣ ምክንያቱም ደብዳቤሽ ላይ ትልቁ ነገር እሱ ነው ብዬ ነው የማምነው። አንቺ እንደ ጥፋት ነው የጻፍሽው። እኔ ሳነበው ግን ያ ልቅሶ ለአምስት ብር እንዳልሆነ ገባኝ። እናትሽ ታማ በተኛችበት ወቅት አጥበሻታል፣ አገላብጠሻታል፣ ከሥራ እየሮጥሽ ገብተሽ አብልተሻታል፣ ያኔ ላልቅስ ብትይ ማን ሊያነሳት ነበር? ድንኳን ውስጥም ንፍሮ ስታድይ እንግዳ እያስተናገድሽ ነበር። ቁጭ ብለሽ ለማዘን ጊዜ ያገኘሽው አርባው ካለፈ በኋላ ነው፣ መንገድ ላይ መምጣቱ ደግሞ ሐዘን ቦታ ስለማይመርጥ ነው። ልጁን ካገኘሽው ይቅርታ በይው፣ "ተቆጡ ኃጢአትንም አታድርጉ፣ በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ" የሚለው አለና፣ ከዛ በተረፈ ግን "እኔ ቁጡ ሆኛለሁ፣ እኔ ድንጋይ ነኝ" እያልሽ በአንድ ቀን ስሜት ለራስሽ ስም አታውጪ፣ ስም በጥምቀት ወጥቶልሻል። ያስታመምሻት ፍቅር ነው፣ ባይሰማሽም ፍቅር ነው።

ዘመዶችሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ላይ ለሞተ ሰው አልቅስ፣ እንዳትታማ አንድ ሁለት ቀን አልቅስለት፣ ከዛ ተጽናና ይላል፣ ሲራክም ሐሜቱን ያውቀው ነበር ማለት ነው! የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ ጥሩ ሰዎች ነበሩ፣ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ጎረቤትሽ ደግሞ በልጠውሽ አይደለም ያለቀሱት፣ እናትሽን ወደዋት ነው፣ ሄደሽ ቡናቸውን ጠጪና ስለ እናትሽ እንዲያወሩልሽ ጠይቂያቸው፣ ሰማንያዋ ላይም እንዳትረሻቸው፣ የሥጋውን ነገር እንደሀገራችን ለብቻ አስቢበት።

ቅዳሴ ላይ አይሰማኝም ላልሽው፣ ቤተክርስቲያን ጸሎትን በመጽሐፍ ሠርታ የሰጠችን ለዚህ ቀን ጭምር ነው። ውዳሴ ማርያሙን ክፈቺና አንብቢ፣ 41 ጊዜ ኪርያላይሶን ስትይ 41ዱም ጊዜ ልብሽ መሞቅ የለበትም። ዳዊት ላይ መዝሙር 87ን (በሌላው ቁጥር 88) አንብቢው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጨለማ ነው፣ እንደሌሎቹ መዝሙራት ወደ ማብቂያው ላይ እንኳን ደስታ አይገባበትም፣ ግን ጸሎት ነው፣ ቤተክርስቲያንም አላወጣችውም። በደረቅ ልብ ቆሞ ማስቀደስ እንደውም ከሞቀው ቀን የበለጠ እምነት ይጠይቃል ባይ ነኝ።

የሐኪሙ ነገር። ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ተኝቶ "ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ" ሲል መልአኩ አልገሠጸውም፣ ተነሥተህ ብላ አለው፣ እንጎቻና ውሃ ሰጠው፣ ደግሞ አስተኛው፣ ደግሞ አበላው፣ እግዚአብሔር ያነጋገረው ከዛ በኋላ ኮሬብ ሲደርስ ነው። ነፍስና ሥጋሽ ተዋሕደው ነው አንቺ የሆንሽው። እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ መሞት ካማረሽ ደግሞ ዛሬ ነገ ሳትዪ ሂጂ፣ እዛው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ ከተማሽ ውስጥ ነው። ያ ስለ ለቅሶ የጠቀስኩልሽ ሲራክ 38 ሲጀምር ሐኪምን አክብር፣ እሱንም እግዚአብሔር ነው የፈጠረው ብሎ ነው። ጸበሉንም ተጠመቂ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ለንስሐ አባትሽ ግን ሐኪም ጋ መሄድሽን ንገሪያቸው፣ መድኃኒት ከታዘዘልሽ ጾሙን እንዴት እንደምታደርጊው እሳቸው ያስተካክሉልሻል፣ ጸበል ጀምሬያለሁ ብለሽ መድኃኒቱን በራስሽ እንዳታቋርጪ።