«ታሟል» ብሎ ለዳኛ መናገር የሚገባው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ነው። የ26 ዓመት ታናሽ ወንድሜ የአእምሮ ሕመም ካደረበት አራት ዓመት ሆኖታል፤ ድል ጮራ ሆስፒታል እየተመላለሰ መድኃኒቱን ሲወስድ ደኅና ነበር። መድኃኒቱን ካቋረጠ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን «ይከታተለኛል» እያለ ጎረቤታችን የሆነውን ባለ ሱቅ በድንጋይ መትቶ ክንዱን ሰበረው። ለጊዜ ቀጠሮ ችሎት በቀረበበት ቀን ዳኛው ሲጠይቁት «አዎ፣ መትቼዋለሁ» ብሎ ዝም አለ። እናቴ የሕክምና ካርዱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከኋላ ተቀምጣ ነበር፤ ሆኖም «እብድ ተብሎ ከሚጻፍበት ቢታሰር ይሻለዋል» ብላ አላወጣችውም። መርማሪው ደግሞ ጫት ስለሚቅም ነው ይላል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ የእናትዎ ፍርሃት ይገባናል። ቢሆንም ከሁሉ አስቀድመን የምንለምንዎ ያ ካርድ ከነጠላው ጫፍ እንዲፈታ ነው። ዳኛው ከፊታቸው የቆመው ሰው መታመሙን የሚያውቁት ምልክቱን ካዩ ወይም ከተነገራቸው ብቻ ነው፤ ወንድምዎ በዚያ ቀን ረጋ ብሎ ቆሞ ከነበረ የሚታይ ምልክት ላይኖር ይችላል። ወደፊት ክሱ ተነብቦለት የእምነት ክህደት ቃሉን ሲጠየቅ ያንኑ «አዎ፣ መትቼዋለሁ» ቢደግመው ደግሞ፣ ፍርድ ቤቱ እንደ ሙሉ እምነት መዝግቦ ሌላ ማስረጃ ሳይሰማ ጥፋተኛ ሊለው ይችላል። ስለዚህ ሕመሙ ከዚያ ቀን በፊት፣ ቢቻል ገና በምርመራው ላይ ሳለ፣ ለፖሊስ፣ ለዓቃቤ ሕጉና ለችሎቱ በጽሑፍ ሊነገር ይገባል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 48 እንደሚለው፣ ድርጊቱን በፈጸመበት ጊዜ በሕመም ምክንያት የሚያደርገውን ነገር ምንነት ወይም ውጤት መረዳት ያልቻለ፣ ወይም ቢረዳም እንደ መረዳቱ ራሱን መግዛት ያልቻለ ሰው በወንጀል ኃላፊ አይሆንም፤ ችሎታው በከፊል ብቻ ተጓድሎ ከሆነ በአንቀጽ 49 መሠረት ቅጣቱ ይቀልለታል። አንቀጽ 51 ደግሞ ተከሳሹ የአእምሮ መታወክ ወይም የሚጥል በሽታ ምልክት ካሳየ ፍርድ ቤቱ የባለሙያ ምርመራ እንዲያዝ ያስገድደዋል። ምርመራው በአካባቢው ባለ የአእምሮ ሐኪም ሊደረግ ይችላል፤ ተከሳሹ አዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል የሚላክበት ጊዜም አለ። ሐኪሙ የሚመሰክረው ስለ ሕመሙና በማመዛዘን ችሎታው ላይ ስላደረሰው ጉዳት ነው፤ በሕግ ኃላፊ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚወስኑት ዳኛው ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው «ካርድ አለው» ማለት «ነጻ ነው» ማለት እየመሰለው ነው። ሕጉ የሚጠይቀው የበሽታውን ስም ሳይሆን ድንጋዩን ባነሳበት ሰዓት አእምሮው በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ ነው፤ ምርመራው የሚደረገው ግን ከወራት በኋላ፣ ምናልባትም መድኃኒቱን መልሶ ከጀመረ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱን መጨረሻ የወሰደበትን ቀን፣ እንቅልፍ ያጣባቸውን ሌሊቶች፣ ስለ ባለ ሱቁ ይናገር የነበረውን ቃል አሁን ሳይረሳ ጻፉት፤ ያዩ ጎረቤቶችንም ለምስክርነት ያዙ።

ጫት መቃሙንም አትደብቁ። ሕጉ በአንቀጽ 50 ከኃላፊነት እንዳያመልጥ የሚከለክለው ወንጀል ሊሠራበት አስቦ ራሱን ያደነዘዘን ሰው ነው፤ በቸልተኝነት ራሱን ለዚያ ሁኔታ የዳረገ ደግሞ፣ ድርጊቱ በቸልተኝነት ሲፈጸም የሚያስቀጣ ከሆነ፣ በዚያው ይጠየቃል። በእኛ ከተማ ከምሳ በኋላ የማይቅም ወጣት ስንት ነው? ሁሉም ግን ድንጋይ አያነሳም። ከሕመሙና ከጫቱ የትኛው እንዳመዘነ የሚለየው ሙሉውን ታሪክ የሰማ ሐኪም እንጂ መርማሪው አይደለም።

ኃላፊ አይደለም ቢባልም በዚያው ቀን ወደ ቤት ይመለሳል ማለት አይደለም። ፍርድ ቤቱ ለሰው አደገኛ ሆኖ ካገኘው በተገቢ ተቋም ተጠብቆ እንዲቆይ፣ አለዚያም እንዲታከም ሊያዝ ይችላል፤ ትእዛዙ የጊዜ ገደብ የለውም፣ ነገር ግን በየሁለት ዓመቱ እንደገና መታየት አለበት። ያን ቀጠሮ ቤተሰብ ቆጥሮ ካልጠየቀ የተረሳ ሰው ሆኖ መቅረት እንዳለ እንሰጋለንና ቀኑን ጽፋችሁ ያዙ። ለተጎዳው ሰው የሚከፈለው ካሣም በወንጀሉ ነጻ በመባል አይቀርም፤ ዳኞች ግን የፈጻሚውን የአእምሮ ሁኔታ አይተው ለርትዕ ሲሉ ሊቀንሱት ይችላሉ። ሽማግሌ ልካችሁ ባለ ሱቁን ይቅርታ መጠየቃችሁ ክሱን ሁልጊዜ የሚዘጋ ባይሆንም፣ ክንዱ ለተሰበረ ሰው የሚገባው ነገር ነው።

እስከዚያው አጣዳፊው መድኃኒቱ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው በዘመዶቹ፣ በሐኪሙና በሕግ አማካሪው እንዲጎበኝ መብት ይሰጠዋል፤ የሐኪሙን ማዘዣ ይዛችሁ መድኃኒቱ በየሰዓቱ እንዲሰጠው ለማረፊያ ቤቱ ኃላፊ አመልክቱ፣ እምቢ ከተባላችሁ ለችሎቱ ተናገሩ። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌላችሁም መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲያቆምለት ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሐረር፣ ጁገል ውስጥ የሚኖሩት አባታችን መርሳት ጀምረዋል። ቤቱን ለማያውቁት ሰው ሊፈርሙለት ነበር። ፍርድ ቤት ይረዳናል?

መልስ፦ አዎ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት በእርጅና ወይም በሕመም የሚያደርገውን ነገር ምንነት መረዳት ያቃተው ሰው፣ ጤናውና ጥቅሙ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ውል እንደ መፈረም ያለ ሕጋዊ ተግባር በራሱ እንዳይፈጽም በፍርድ እንዲከለከል ራሱ፣ ባለቤቱ፣ ዘመዶቹ ወይም ዓቃቤ ሕግ ማመልከት ይችላሉ፤ ክልከላው ሲወሰን ሰውየውንና ንብረቱን የሚጠብቅ ሰው ይሾማል። አትዘግዩ፣ ከክልከላው በፊት የተፈረመን ውል በአእምሮ ሕመም ምክንያት ማፍረስ እጅግ ከባድ ነውና። ማመልከቻውን ግን ከአባታችሁ ተደብቃችሁ አታስገቡ፤ በደኅናው ሰዓታቸው፣ ምናልባት ማለዳ ላይ፣ ቁጭ ብላችሁ ንገሯቸው፣ ማን እንዲጠብቃቸው እንደሚፈልጉም ከራሳቸው አፍ ስሙ።