ወደ ሐይቅ ለሁለት ሌሊት፦ ፖርቶመጋላው ላይ ምን ይጫን?

እህቴ፣ «አምስት ሆነን በቤት መኪና ከኮምቦልቻ ወደ ሐይቅ ከተማ ሄደን ሁለት ሌሊት በድንኳን ልናድር አስበናል። ዕቃው አልገባ አለን። ባለቤቴ ፖርቶመጋላ አሠርተን የተረፈውን ሁሉ ከላይ እንጫነው ይላል፤ እናቴና ሁለት ልጆች ስላሉ እኔ ፈራሁ» ብለሽ ጠይቀሻል። አብሽሪ፣ ይቻላል። እኛም ድንኳንና ልጆች ይዘን በዚያ መንገድ ስንመላለስ ኖረናል። ነገር ግን «የተረፈውን ሁሉ» በሚለው አልስማማም።

ሰው የሚጨነቀው ለቦታ ነው፤ መኪናን የሚያስጨንቀው ግን ኪሎ ነው። አብዛኞቹ የቤት መኪኖች ሰውን ጨምሮ ከ400 እስከ 500 ኪሎ ቢሸከሙ ነው። ሦስት አዋቂና ሁለት ልጆች ስትሆኑ ብቻችሁን ወደ 270 ኪሎ ትደርሳላችሁ። በቀረው ላይ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ስትጨምሪ 40 ኪሎው ሄደ። ከሰሉ፣ ድስቱ፣ አገልግሉ፣ ፍራሹ ገና አልተቆጠረም። ስለዚህ ከመነሻችሁ በፊት ባለው ቀን ዕቃውን ሁሉ ሳሎን ውስጥ አውጥታችሁ እያነሳችሁ መዝኑት።

ጣሪያው ከዚህም ያነሰ ነው የሚችለው። የትንንሽ መኪኖች ጣሪያ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 75 ኪሎ ይፈቀድለታል፤ የፖርቶመጋላው የራሱ ክብደትም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። ትክክለኛው ቁጥር የመኪናው መመሪያ ላይ አለ፤ ባለቤትሽ እሱን ሳያይ ለበያጅ ገንዘብ ባይከፍል እመርጣለሁ። ከወፍራም ብረት የተበየደ ፖርቶመጋላ ለዓይን ጠንካራ ይመስላል፤ ክብደቱ ግን ከተፈቀደው ላይ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። ቀለል ያለ ካገኛችሁ እሱን ያዙ።

እንግዲህ ከላይ የሚወጣው ቦታ የሚይዝና ቀላል የሆነ ነገር ብቻ ነው፦ የስፖንጅ ፍራሽ፣ ጋቢና ብርድ ልብስ፣ የድንኳኑ ጨርቅ። ውሃ፣ ከሰል፣ ድስት፣ የድንኳኑ ብረትና መዶሻ ከታች ይሁኑ፤ እነሱም ከኋላ ወንበሩ መደገፊያ ጋር ተጠግተው ወለሉ ላይ ይቀመጡ። ከባድ ዕቃ ከላይ ሲሆን መኪናው በኩርባ ላይ ይወዛወዛል፣ ለመገልበጥም ይቀርባል። ከኋላ ጫፍ ላይ ሲከመር ደግሞ የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ፣ መሪው ይላላል፣ መብራቱም ከመንገዱ ይልቅ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይመታል።

ፍራሹን ጠቅልላችሁ በሸራ ሸፍኑት፣ ከፍራሹ ሥርም ላስቲክ አንጥፉ። ውሃ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም ይገባል፤ የደሴን ጭጋግና ካፊያ ለአንቺ አልነግርሽም። ገመዱን በጎንና በጎን አስራችሁ አትተዉት። ነፋስ የሚያነሳው ከፊት ስለሆነ የፊተኛው ጠርዝ ወደ ታች ተስቦ መታሰር አለበት። የናይለን ገመድ ሲረጥብ ይለጠጣል፤ ማጥበቂያ ያለው ሰፊ የጭነት ቀበቶ ይሻላል። ኮምቦልቻን ለቅቃችሁ ዳገቱን ሳትጀምሩ አንድ ጊዜ፣ ደሴ ስትደርሱ ደግሞ አንድ ጊዜ ወርዳችሁ አጥብቁት።

ውስጥ ላለው ዕቃ ደግሞ አንድ ነገር በጥብቅ እለምንሻለሁ። ከኋላ መስታወቱ ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ ጀበናም ሆነ ፔርሙስ አታስቀምጪ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከአንድ ነገር ጋር ቢጋጭ ያልታሰረ ዕቃ በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት ይወረወራል፤ ከፊቱ ያለው የልጆቹ ጭንቅላት ነው። እናትሽን ከፊት አስቀምጧቸው፣ እግራቸው ሥር ግን ምንም አትጠቅጥቁ።

አሁን ወደ መንገዱ ልምጣ፤ ዋናው እሱ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከ1,850 ሜትር አካባቢ ተነስታችሁ ወደ 2,500 ሜትር ትወጣላችሁ። አየሩ ስለሚሳሳ ተራ የቤንዚን ሞተር እዚያ ከፍታ ላይ በባሕር ጠለል ከነበረው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ጭነት ሲጨመርበት ይደክማል። በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ የሙቀት መለኪያውን ተመልከቱ፣ ከአይሱዙ ጋር አትሽቀዳደሙ። ከደሴ ወደ ሐይቅ ደግሞ ቁልቁለቱ ይጠብቃችኋል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ከዳገቱ ይልቅ ይኼ ነው። የነባር ሾፌሮች ደንብ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚል ነው። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ረግጦ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ሲረገጥ አይዝም። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ነጻ አድርጎ መውረድ የሚወድ ሰው ከሆነ ባለቤትሽን በዚህ ጉዳይ አትለፊው። የመቃጠል ሽታ ከመጣ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ እስኪበርድ ጠብቁ፣ ውሃ አታፍስሱበት።

የጎማውን ነፋስ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ አስለኩ። ብዙ መኪኖች ላይ በሾፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ጽሑፍ ለባዶና ለሙሉ ጭነት የተለያየ ቁጥር አለ፤ የሙሉውን ያዙ። ስኮርታውንና ክሪኩንም ዕቃው ሥር አትቅበሯቸው።

ከሁሉም በላይ የሚያቀልላችሁ ግን እዚያው የሚገኘውን አለመሸከም ነው። ሐይቅ ከተማ ነው፤ ውሃውም፣ ከሰሉም፣ ሽንኩርቱም ይገኛል። ከሐይቁ የሚወጣ ቆሮሶ ዓሣ እያለ ሥጋ በበረዶ ጭኖ መሄድ አይታየኝም። ከቤት እንጀራውን፣ በርበሬውንና ቡናውን ያዢ፤ በቂ ነው። ከሰል ስል፦ የተቀጣጠለ ምድጃ ለሙቀት ብላችሁ ድንኳን ውስጥ እንዳታስገቡ፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ይህ ሁሉ ሆኖ አሁንም ከበዛ፣ አንድ ጎልማሳ ከሁለት ከረጢት ጋር በሚኒባስ ይምጣ። ክፍያው ከአዲስ ፖርቶመጋላ በጣም ያንሳል፣ መኪናውም ይቀልለታል። ፖርቶመጋላውን ለመሥራት ከቆረጣችሁ ደግሞ የመኪናውን ዓይነትና የተሠራበትን ዓመት ጻፊልኝ፤ ጣሪያው የውሃ መውረጃ ጠርዝ ያለው ይሁን ወይም ልሙጥ፣ አያያዙ የተለያየ ነው። የጭነት ቀበቶ እኔ ቤት አለ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁኝ።