መልስ፦ የቀበሌ መንገድ በጀት የሚያገኘው እንዴት ነው?

ወንድሜ፣ «የቀበሌያችን ጠጠር መንገድ ለምን በጀት አይያዝለትም?» ላልከው፣ መጀመሪያ መንገዱ የማን እንደሆነ ለዩ። ከኮምቦልቻ በደሴ ወደ ወልድያ የሚሄደው አስፋልት የፌዴራል ነው። የቀበሌ መንገድ ግን የክልልና የወረዳ ጉዳይ ነው። በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ደግሞ ከነዳጅ የሚሰበስበው ለጥገና ነው፤ አዲስ መንገድ ለማስከፈት ብላችሁ እዚያ አትድከሙ።

ደረቅ ማመልከቻ ብቻውን የትም አያደርስም፤ ማስረጃ አያይዙበት። በገበያ ቀን ማለዳ መገንጠያው ላይ ተቀመጡና ቁጠሩ፦ ስንት አይሱዙ፣ ስንት ባጃጅ፣ ስንት ጤፍ የጫነ አህያ። አህያውን እንዳትዘሉት! የወረዳ ሰዎች «መኪና አይበዛበትም» ይሏችኋል፤ መኪናው የቀረው እኮ መንገዱ ስለተበላሸ ነው። ክረምት ላይ ወንዙ ስንት ቀን እንደዘጋችሁም መዝግቡ። ከመንገዱ ሥር ውኃ የሚያሳልፉትን ቱቦዎችም እዩ። እኛ ሰፈር አንዱን ደለል ደፈነውና በአንድ ሌሊት ዝናብ መንገዱ ለሁለት ተቆረጠ፤ ለካ አካፋ ይበቃው ነበር።