እናቴ መፈረም አቃታቸው፤ ችሎታ የላቸውም ላስብል?

ጥያቄ፦ እናቴ 79 ዓመታቸው ነው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏል። የማጥባቸውም የማለብሳቸውም እኔ ነኝ። ባንኩ ፊርማቸው አልተመሳሰለም ብሎ ገንዘባቸውን ከለከለን። ወንድሜ «ፍርድ ቤት ችሎታ የላቸውም ይበልልንና አንቺ ሞግዚት ሁኚ፤ ከዚያ ቤቱን ሸጠን መጦሪያ እናስገባቸው» ይላል። እሳቸው እንኳ ተከራዩ ያለበትን የሁለት ወር ውዝፍ ከእኔ በላይ ያስታውሳሉ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ማመልከቻውን ገና አይጻፉ። እንደ ዘበት የጣሏት የመጨረሻዋ ነገር ጉዳዩን ትቀይረዋለች። ውዝፍ የሚቆጥር ሰው የከዳው እጁ ነው እንጂ አእምሮው አይደለም።

መታጠብ፣ መልበስ፣ ከአልጋ መነሳት፣ መጸዳዳት፤ ሐኪሞች አንድ አረጋዊ ምን ያህል እንክብካቤ እንደሚሻ የሚገምቱት በእነዚህ ነው። የሕግ ችሎታ ጥያቄ ሌላ ነው። ጉዳዩን ይረዳሉ ወይ? ያመዛዝናሉ ወይ? ሐሳባቸውን በንግግርም በምልክትም ይገልጻሉ ወይ? ሁለቱን የሚያደባልቅ ቤተሰብ በየጊዜው ይገጥመኛል። ዕድሜ እየረዘመ ሲሄድ በሰው እርዳታ የሚኖርባቸው ዓመታትም እየበዙ ነው፤ ተደግፎ የሚነሳው ሁሉ ችሎታ አጣ ከተባለ ማን ሊተርፍ ነው?

የሚኖሩበትን አገር ስላልጻፉልኝ የምነግርዎ መሠረቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 12 አካል ጉዳተኛ ከማንም እኩል የሕግ ችሎታ አለው ይላል፤ ችሎታውን እንዲጠቀምበት የማገዝ ግዴታውም የመንግሥት ነው። ኮሎምቢያ በ2019፣ ስፔን በ2021 አዋቂን በፍርድ መከልከልን፣ ማለትም ፍርድ ቤት ችሎታ የለውም ብሎ በሞግዚት ሥር ማድረጉን፣ ከሕጋቸው አስወጥተዋል። ክልከላ አሁንም ያለባቸው አገሮች ብዙ ናቸው። በክልከላ ግን እናትዎ የገዛ ኪራያቸውን እንኳ መዋዋል ሊሳናቸው ይችላል፤ ለማስነሳትም ሌላ ክስና ሌላ ምልልስ ነው።

ለእርስዎ የሚበጀው ውክልና ነው። ባንኩንም አዲስ የፊርማ ናሙና ወይም በምስክር ፊት የጣት አሻራ ይቀበል እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቁት፤ በቃል «አይቻልም» የሚል ሠራተኛ በጽሑፍ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ይለዝባል። ውክልናው የሚበቃውን ብቻ ይዘርዝር፦ ኪራይ መሰብሰብ፣ የባንክ ሒሳብ ማንቀሳቀስ፣ የሕክምና ጉዳይ ማስፈጸም። ቤት መሸጥ እሳቸው ራሳቸው ካላሉ አይግባ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በብዙ አገር ሕግ ተራ ውክልና ወካዩ ችሎታውን ሲያጣ ይቋረጣል። እንግሊዝን በመሳሰሉ አገሮች ከዚያም በኋላ የሚጸና ውክልና ስላለ፣ በእርስዎም አገር መኖሩን ሰነድ አረጋጋጩን ይጠይቁ። ሌላ ስትሮክ ቀድሞ ከመጣ ያኔ ፍርድ ቤት መሄድ ግድ ሊሆን ይችላል። በተፈረመበት ቀን የተጻፈ የሐኪም ማስረጃም ያያይዙበት፤ ነገ «አያውቁም ነበር» ለሚል አፍ መዝጊያ ነው።

መጦሪያ የመግባትና ያለመግባት ውሳኔ የእናትዎ ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 19 ሰው የት እና ከማን ጋር እንደሚኖር የመምረጥ መብቱን ያስከብራል። ቤቱ ቢሸጥም ብሩ የእሳቸው እንጂ የልጆች አይደለም።

ለራስዎም ደብተር ይያዙ። መድኃኒት፣ ዳይፐር፣ የአስታማሚ ደመወዝ፤ ቀኑንና ደረሰኙን አይተዉ። ዛሬ «እግዜር ይስጥሽ» የሚል ወንድም በውርስ ቀን «ኪራዩን የት አደረሽው?» ሲል አይቻለሁ።

ውክልናው በዚህ ሳምንት ይለቅ። ሰነዱ ሲነበብላቸው ግን እርስዎም ወንድምዎም ከክፍሉ ውጡ።