ፎርሙን ተይውና መብራት ሲጠፋ ማሽኖቹ አጠገብ ቁሚ

እኅቴ፣ ኮምቦልቻ በሚገኝ ዱቄት ፋብሪካ የሙያ ደህንነት ኃላፊ ሆነሽ በቅርቡ እንደተመደብሽና «የሚሽከረከሩ ማሽኖችን የስጋት ግምገማ በአስቸኳይ አቅርቢ» እንደተባልሽ ጽፈሻል፤ የተዘጋጀ ፎርም ያለው ሰውም ፈልገሻል። ፎርም አለኝ፤ አልልክልሽም። እኔ የምሠራበት ፋብሪካም ከሌላ ቦታ የመጣ ፎርም ሞልቶ፣ ማኅተም አሳርፎ፣ በፋይል አስቀምጦ ነበር። «መከለያ አለ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «አለ» ነው። እውነትም ነበር፤ ቡሎኖቹ ጠፍተው፣ ዱቄት ለብሶ፣ ከማሽኑ ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ።

1. ግምገማውን በቀን አትጀምሪው። ቀን ላይ ኃላፊ ሊመጣ ይችላል እየተባለ ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ይሆናል። በሌሊት ፈረቃ ግቢ። ሰው የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ማሽኑ በወጉ ሲሠራ ሳይሆን ሲጸዳ፣ ግራሶ ሲቀባና እህል ሲዘጋው ነው። ከኦፕሬተሩ በፊት የጽዳት ሠራተኞቹን ጠይቂ። የትኛው ቺንጋ (ማሽኑን የሚያዞረው ቀበቶ) ሥር መጥረጊያቸው እንደሚነጠቅ ያውቃሉ፤ የጠየቃቸው ሰው ስለሌለ ነው ዝም ያሉት።

2. ልብስ። ኮምቦልቻ ከደሴ ሞቅ ስለምትል ሰው እጅጌውን ሰብስቦ ይሠራል ብለሽ አትዘናጊ። ከደሴ የሐረጎን ተራራ ወርዶ የሚመጣው ብዙ ነው፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ለሌሊት ፈረቃ ሹራብ ደርቦ፣ ሻሽ ወይም ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ይወጣል፤ ፋብሪካ ሲደርስም አያወልቀውም። ከውጭ የተቀዳው ፎርም ደግሞ ስለ ነጠላ የሚያውቀው ነገር የለም። እስቲ አስይው። በ50 ኸርዝ የሚሠራ ባለ4 ፖል (ባለ4 የማግኔት ዋልታ) ሞተር በደቂቃ 1,450 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ በሰከንድ 24 ማለት ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሻፍት (የሚዞረው ዘንግ) በዚህ ፍጥነት ሲዞር በሩብ ሰከንድ አንድ ሜትር የሚጠጋ ጨርቅ ይጠመጥማል። «ሻፍቱ ለስላሳ ነው፣ አይዝም» የሚልሽን አትስሚው፤ ቺንጋው ከሚዞርበት ጎማ፣ ከፑሌጅያው ላይ ጫፉ ወጣ ያለ አንድ ቡሎን ይበቃል። ጓንትም እንደዚያው ነው። በመሰርሰሪያ ማሽን ላይ ጓንት የሚያስገድድ ኃላፊ ካለ ተከራከሪው፤ እኔ ተከራክሬ አሸንፌአለሁ። ወርክሾፑ ውስጥ የመሳያ ድንጋይ ካለ በድንጋዩና የሚሳለው ዕቃ በሚያርፍበት ማስደገፊያ መካከል ያለው ክፍተት ከ3 ሚሊ ሜትር አይብለጥ።

3. እዚህ ላይ ስለ ድምፅና ስለ አቧራ ልጽፍልሽ ነበር፤ ይቅር፣ እሱን ከማንም ታገኚዋለሽ። አንቺ ይህን ጠይቂ፦ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ይህ ማሽን በራሱ ይነሳል ወይስ ሰው ይጠብቃል? በኮንታክተር (በኤሌክትሪክ ኃይል ተስቦ በሚዘጋ ማብሪያ) እና በመጫኛ ቁልፍ የሚነሳ ማሽን መብራት ሲጠፋ ኮንታክተሩ ይለቃል፤ ሲመለስም አረንጓዴው እስኪጫን ድረስ ዝም ይላል። በእጅ ማብሪያ በቀጥታ የሚሠራው ግን ማብሪያው እንደበራ ከቀረ መብራቱ በመጣበት ቅጽበት ይዞራል። ኤሌክትሪሻኑ የሚነግርሽን ብቻ ይዘሽ አትጻፊ። ሰው ሁሉ ከማሽኑ ይራቅ፣ ዋናውን ብሬከር ያጥፋልሽ፣ መልሶ ያብራው፤ በዓይንሽ እዪው።

እኛ ጋ ስንዴ የሚገፋው ጠመዝማዛ ማጓጓዣ እንዲህ በእጅ ማብሪያ የሚሠራ ነበር። እህል ዘጋው፤ በዚያው መብራት ጠፋ። የሚሠራበት ልጅ «መብራቱ እስኪመጣ ላጽዳው» ብሎ፣ በስልኩ ብርሃን እያየ ክዳኑን ከፍቶ እጁን ሰደደ። መብራት መጣ። ሁለት ጣቶቹን አጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ጉዳዩን ይዘን የሄድንበት ቢሮ የተቀበለን ሰው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «ማሽኑ በርቶ ነበር ወይስ ጠፍቶ?» አለ። ጠፍቶ ነበር፣ በራሱ ተነሳ አልኩት። «እንዲህ የሚል ምርጫ የለም» አለና «የሠራተኛው ቸልተኝነት» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። ልጁ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ አጠገቤ ቆሟል! በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ካልሆነ በቀር። በግልጽ የተሰጠን የደህንነት መመሪያ መጣስም «ሆን ብሎ» ከሚለው ውስጥ ይገባል፤ መከለያ ከመግጠም ይልቅ «እጅ ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት መለጠፍ የሚቀናቸው ለዚህ ይመስለኛል። አዋጁን አሳትሜ፣ አስምሬበት ተመልሼ ሄድኩ። ምልክቱ ተሰረዘ። ማንም አላመሰገነኝም፣ እኔ ግን እኮራበታለሁ።

4. ቁልፍ። ለእያንዳንዱ ጠጋኝ መካኒክ የራሱ ጓጉንቸር ይሰጠው፤ መክፈቻው በኪሱ፣ ስሙ በላዩ። ማሽን ውስጥ እጁን ከማስገባቱ በፊት ብሬከሩን ያጠፋል፣ ይቆልፈዋል፣ ከዚያ አረንጓዴውን ተጭኖ አለመነሳቱን ያረጋግጣል። ቀዩ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ለዚህ አይሆንም፤ ማሽኑን ያቆመዋል እንጂ መብራቱን ከማሽኑ አይለየውም። ትልልቆቹ ማራገቢያዎች ከጠፉም በኋላ ሲዞሩ ይቆያሉ፤ ፍጹም እስኪቆሙ ይጠበቅ። ጓጉንቸሮቹን ስጠይቅ የግዢ ክፍል ኃላፊው «ምነው፣ ሌባ ገባ እንዴ?» ብሎ ቢሮው በሙሉ ሳቀብኝ።

በእጅ ማብሪያው ፋንታ ኮንታክተር ስታስገዢ ደግሞ የውስጥ ጥቅልሉ (የኮይሉ) ቮልቴጅ 220 ይሁን 380 ለይተሽ በጽሑፍ አስፍሪ። ለእኛ በርካሽ የተገኘውን ገዝተው አመጡልን፤ አልገጠመም፤ እስኪቀየር ድረስ ያ ማጓጓዣ በዚያው በድሮው ማብሪያ ሲሠራ ከረመ።