«ተዛባ» ወይስ «አልተመጣጠነም»?

በሪፖርትህ የጤፍ አቅርቦት ከፍላጎቱ ማነሱን ስትጽፍ «የጤፍ ፍላጎትና አቅርቦት አልተመጣጠነም» በል፤ «ተዛባ» አይሆንም። ፍላጎቱ 100 ኩንታል፣ አቅርቦቱ 60 ከሆነ፣ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ተለክቶ አንዱ አነሰ ማለት ነው፤ ይህ አለመመጣጠን ነው። የጎደለው 40 ኩንታል ደግሞ «ልዩነቱ» ይባላል።

«መዛባት» የምንለው ሥርዓት የነበረው ነገር ከመስመሩ ሲወጣ ነው፦ የዝናብ መዛባት፣ የወር አበባ መዛባት። «ልዩነት» በራሱ ጥፋት የለበትም፤ የሐሳብ ልዩነት ያላቸው ሰዎች ምንም አልተዛባባቸውም። ዕድሜና ቁመት ሲሆን «ይበላለጣሉ» ማለት ያምራል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ «ልዩ»ን በ«የተለያየ» ቦታ አታስገባ። እኔ ለአንድ ደንበኛ «ዕቃዎቹ ልዩ ዋጋ አላቸው» ብዬ ጻፍኩ፤ ዋጋቸው ይለያያል ለማለት ነበር። ሰውየው ግን ቅናሽ መስሎት ከሩቅ ሰፈር ድረስ መጣ።