ያልታመመ ሰው «ታማሚ» ይባላል?

ጥያቄ፦ አዘዞ፣ ጎንደር የሚሠሩ የላቦራቶሪ ባለሙያ እንዲህ ብለው ጠይቀውኛል። «የታይፎይድ ባክቴሪያ በሰገራቸው ተገኝቶ ምንም የሕመም ምልክት የሌላቸው ሰዎች አሉ። ‹ታማሚ› ልበላቸው ወይስ ‹ተሸካሚ›? የባክቴሪያውን ጂኖም ማንበብ ማለትስ ምን እንደሆነ ለቤተሰባቸው በምን ቃል ላስረዳ?»

መልስ፦ «ተሸካሚ» ይበሏቸው። ምክንያቱ ግሡ ውስጥ አለ። እኛ «ታይፎይድ ያዘኝ»፣ «አመመኝ» ነው የምንለው። አድራጊው በሽታው ነው፣ ሰውየው ተያዥ። እነዚህ ሰዎች ግን ትኩሳት የላቸው፣ ራሳቸውን አይፈልጣቸው፣ እንጀራቸውን በልተው ሥራቸው ላይ ይውላሉ። ባክቴሪያው አብዛኛውን ጊዜ ሐሞት ከረጢታቸው ውስጥ ተቀምጦ፣ ከሰገራ ጋር እየወጣ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። በሽታው አልያዛቸውም፤ የያዙት እነሱ ናቸው።

አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩበት። ቅዳሜ ገበያ ጤፍ በጆንያ የሚያወርደው ልጅም ተሸካሚ ነው፤ እሱ ግን ክብደቱ ትከሻው ላይ ይሰማዋል። እነዚህ አይሰማቸውም። ስለዚህ «ሳያውቁት ባክቴሪያውን የተሸከሙ» ቢሏቸው ቃሉም ይሞላል፣ ሰውም አይከፋም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በኒው ዮርክ ምግብ አብሳይ የነበረችው ሜሪ ማለን ታይፎይድ አለብሽ ስትባል አላምን አለች፤ ምንም አላመማትምና። እ.ኤ.አ. ከ1907 ጀምሮ በሁለት ዙር በድምሩ 26 ዓመት ያህል ከሰው ተገልላ ኖረች።

ወደ ጂኖም፣ ማለትም ወደ ባክቴሪያው ሙሉ የዘር መረጃ፣ ስንመጣ፣ ቃሉን እንዳለ ይተዉት፤ «ማንበብ» ያሉት ግን ግሩም ነው። የታይፎይድ ባክቴሪያ ጂኖም በአራት ዓይነት ፊደል የተጻፈ፣ 4.8 ሚሊዮን ገደማ ፊደል ያለው ጽሑፍ ነው። ሙሉው ተነቦ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው።

ለጎንደር ሰው ደግሞ ከብራና የቀረበ ምሳሌ አያገኙም። ጸሐፊው ሲገለብጥ አንድ ፊደል ቢገድፍ፣ ከእሱ ቅጂ የሚገለብጠውም ግድፈቱን ይወርሳል። ሁለት ብራናዎች ላይ እዚያው ቦታ ያው ግድፈት ሲደጋገም ምንጫቸው አንድ ሳይሆን አይቀርም እንላለን። ባክቴሪያም ሲራባ ራሱን ይገለብጣል፣ አልፎ አልፎም ይስታል። ከጤነኛዋ እናት የተገኘውና ከታመመው ልጅ የተገኘው ባክቴሪያ በአንድ ዓይነት ግድፈት ከተመሳሰሉ፣ ዝምድናቸው የቅርብ ነው። ለእናትየዋ ሲነግሯት ግን «አንቺ አስያዝሽው» አይበሏት። «ሳታውቂው ተሸክመሽው ነበር፤ በመድኃኒት እናወርደዋለን» ይበሏት።